የቀበሮዋ ጉርሻ

አንድ ጊዜ፣ ወንዝ በራቀበት ተራራ ላይ በሚኖሩ እንስሳት መካከል ስንዴ የማይስማማት አንዲት አህያ ነበረች። ስንዴ ወይም ገብስ ከቀመሰች ሆዷ ይነፋል፣ ቁርጠት ያጣጥፋታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። ጤፍና ማሽላ ግን ምንም አይሏትም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ይሄን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ደግሞም በየማለዳው ከወንዝ ውሃ በጀሪካን ጭና ለመንደሩ ሁሉ የምታደርሰው እሷው ነበረች።

እንስሳቱ በየወሩ በየተራ የሚደግሱት ማኅበር ነበራቸው። የጅብ ተራ ሲደርስ ትልቅ ድፎ ዳቦ ጋገረ። ቀበሮ ከዳቦው ቆርሳ፣ በወጥ አጥቅሳ፣ ወደ አህያ አፍ ዘረጋች።

«በሞቴ ጉረሺ!»

«እመት ቀበሮ፣ አክባሪ አያሳጣሽ። ስንዴ ግን ያመኛል።»

«አንዲት ጉርሻ ምን ታደርግሻለች? አፈር ስሆን!»

«ታሳምመኛለች አልኩሽ እኮ!»

ጅብ አፉን እንደሞላ አጉረመረመ። «ቤቴ ድረስ መጥታ እህሌን ትናቅ? ስንዴ የሚያመው እንስሳ ማን ሰምቶ ያውቃል? እኔ አጥንት ስቆረጥም አሞኝ ያውቃል?»

ሁሉም ሳቀ። የማኅበሩ ሰብሳቢ አንበሳም «ተይ እንጂ፣ ቅብጠት ይቅርብሽ» አላት። ቅብጠት! ጀርባዋ እስኪላጥ ውሃ የምታመላልስላቸውን አህያ ቀበጥ አሏት! አህያ ጾሟን ተነስታ ሄደች። መንገዱን ሁሉ በንዴት እያለቀሰች ነበር።

በሚቀጥለው ወር የቀበሮ ተራ ሆነ። ቀበሮ አህያን በር ላይ አቅፋ ተቀበለቻት።

«ባለፈው አስቀይሜሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ይሄ ላንቺ ብዬ ለብቻ የጋገርኩት ንጹህ የጤፍ እንጀራ ነው።»

አህያ ቀበሮን አገላብጣ ሳመቻት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእሷ ብሎ ለብቻ ያሰበ ማንም አልነበረም። ጠግባ በላች፤ መረቀችም። ቀበሮና ጅብ ለምን ዓይን ዓይኗን እንደሚያዩ ግን አልገባትም።

ሲነጋ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ሦስት ቀን ከተኛችበት መነሳት አቃታት። ከቁርጠቱ ይልቅ ያስጨነቃት ሌላ ነበር፦ «ጤፍም ከዳኝ ማለት ነው? ከእንግዲህ ምን ልበላ ነው?»

ተራራው ላይ ጠብታ ውሃ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን አንበሳ፣ ጅብና ቀበሮ ጉሮሯቸው ደርቆ ቤቷ መጡ።

«ምን ነካሽ?» አላት አንበሳ።

«እኔ እንጃ። ስንዴ አልቀመስኩም።»

ጅብ ምስጢር መያዝ መቼ ያውቅና! «ቀበሮ እንጀራው ውስጥ የቀላቀለችው አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት ብቻ እኮ ነው! ሳታውቅ ከበላች አያማትም፣ ውሸቷም ይታወቃል ብላኝ ነበር!»

አህያ እንደምንም ተነሳች።

«በሆዴ ነው የተጫወታችሁት? ያመኛል ብዬ መናገሬ አልበቃ ብሎ ታምሜ ላሳያችሁ ነበር? አንቺ ቀበሮ፣ ዳቦውንማ እምቢ ብዬሽ ነበር። በይቅርታ ጠቅልለሽ ስታጎርሺኝ በምን ልወቅ? አንተስ አያ አንበሳ፣ ቀበጥ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

አንበሳ አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የኔም ነው። ቀበሮ፣ እሷ እስክትድን ድረስ ውሃ የምታመጪው አንቺ ነሽ።»

ቀበሮ ደነገጠች። «እኔ? ኧረ ጭነት አይስማማኝም! ወገቤን ያመኛል!»

አህያ ባዶውን ጀሪካን በእግሯ ገፍታ ቀበሮ ፊት አቆመችው።

«በሞቴ!» አለቻት። «አንዲት ጀሪካን ምን ታደርግሻለች? አፈር ስሆን!»

ቀበሮ ጀሪካኑን ተሸክማ ቁልቁል ወረደች፤ ሽቅብ ስትመለስም በየእርምጃው ታቃስት ነበር፣ የሚሰማት ግን አልነበረም። አህያ ከዳነች በኋላ ወደ ማኅበሩ የምትመጣው የራሷን ምግብ በአገልግል ይዛ ነው። ከቀበሮ እጅ ዳግመኛ አልጎረሰችም፤ እኔም አልፈርድባትም።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ሰው «ይህ ምግብ ያመኛል» ሲለን የዘረጋነውን እጅ መልሰን ቃሉን ማመን እንዳለብን፣ እውነቱን ለማጣራት ብለን በሆዱ መሞከርም ክፋት እንደሆነ ነው።