ከበር ውጭ የተሰቀለችው ጣሳ

አንድ ገበሬ ነበር፤ ቀይ በመሆኑ የሚኮራ። ድርቅ በጠናበት ዓመት ከመንደሩ ሸክላ ሠሪ ጋር ባሕር ተሻግሮ በአንድ ባለጠጋ ግቢ ተቀጠረ። በመንደራቸው ሸክላ ሠሪ ውኃ ሲለምን በዕቃ አይሰጠውም፤ መዳፉ ላይ ይፈስለታል። «ጥቁር ነው» ይሉታል። ከገበሬው ቢጠቁር እንኳ በጥቂቱ ነበር።

በባለጠጋው ግቢ ለሁለቱም አንዲት ጣሳ ከበር ውጭ ተሰቀለችላቸው። የቤቱን ዕቃ እንዳይነኩ ተነገራቸው። እመቤቲቱ ሁለቱንም «ጥቁሩ» እያለች ትጠራቸዋለች።

አንድ ቀን ገበሬው በተሰባበረ ቋንቋ፣ «እመቤቴ፣ ጥቁሩ እሱ ነው፤ እኔ ቀይ ነኝ» አላት።

አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች። «ትናንት በጎቹን ያጠበው የትኛችሁ ነው?» ብላ ሳቀች።

ገበሬው ግን ሸክላ ሠሪው የሚጠጣባትን ጣሳ ተጸይፎ በገዛ መዳፉ ከቧንቧው ይጠጣ ነበር። ከወራት በኋላ ንዳድ ጣለው። ሸክላ ሠሪው የገበሬውን ራስ ደግፎ ጣሳዋን አስጠጋለት።

«ጠጣ ወንድሜ፤ እዚህ የሚያየን የለም።»

ጠጣ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት በአንዲቱ ጣሳ ጠጡ። ገበሬው፣ «አገራችን ስንገባ ቤቴ ቤትህ ነው» ይለው ነበር።

አብረው ተመለሱ። በገበሬው ደጅ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ሚስቱ ለባሏ ውኃ በብርጭቆ ሰጠችው። ቀጥላ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ሸክላ ሠሪው ዞረችና «እጅህን ዘርጋ» አለችው።

ሸክላ ሠሪው መዳፉን ገጥሞ ተቀበለ፤ ዓይኑ ግን ገበሬው ላይ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ገበሬው ጎረቤቶቹን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ ብርጭቆውን አነሣና ጠጣ።

ሸክላ ሠሪው መዳፉን ከፈተ፤ ውኃው መሬት ላይ ፈሰሰ። «ደህና ይዋሉ፣ ጌታዬ» ብሎ ሄደ።

ገበሬው እስኪያረጅ ድረስ ውኃ በጠጣ ቁጥር ወደ ደጁ ያይ ነበር። የመጣ ሰው የለም።

ልጄ፣ «በሰው አገር በቀለሙ የተናቀ ሰው አገሩ ሲገባ እንዴት ሌላውን ይንቃል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ገበሬው እኛ ነን። በባዕድ ደጅ ሁላችንም አንድ መሆናችንን እንማራለን፤ ብርጭቆው እጃችን ሲገባ ጣሳዋን እንረሳታለን። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ወደ መንደራችን ስመለስ ውኃው የፈሰሰልኝ መዳፌ ላይ ነው። አራት ዓመት በአንድ ክፍል አብሮኝ ያደረው ጓደኛዬ በቤቱ ደጅ አጠገቤ ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ነበር።