ወደ ኋላ የተዛወረው በርሜል

ወገኖቼ፣ ቃሉን ከመክፈታችን በፊት ጉባኤው በጥሞና ሊሰማው የሚገባ ብርቱ ጉዳይ አለ። የመዘምራን ቴርሞስ ክዳን ጠፍቷል። አንድ ቅን ሰው የሌላ ቴርሞስ ክዳን አምጥቶ ገጥሞበታል። ከሩቅ ሲያዩት ልክ ነው። ሻዩ ግን ያረፈው የሶፕራኖ ዘማሪዎቹ ቀሚስ ላይ ነው።

ሳቁ፤ ግድ የለም። ቀጥሎ የምነግራችሁ አያስቅም።

አንድ ሰው ጡረታ ሲወጣ በፒክአፑ የሚጎትተው ተሳቢ ቤት ገዛ። ሁለት አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጋረጃ ሳይቀር አለው። ባለቤቱን ትርንጎን ጣና ዳር ወስዶ ሊያሳድራት ነው። ከሠርጋቸው ጀምሮ ቃል ሲገባላት ኖሯል።

ጓደኛው መካኒኩ ጋሽ ድንበሩ ተሳቢውን ዞሮ አየው።

«ስማኝ፣ ይቺ መኪና ትጎትተዋለች። ቁልቁለት ላይ ታቆመዋለች ግን አልልህም። ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም። ከበድ ያለች መኪና ፈልግ።»

«አንተ ደግሞ ሟርት አታጣም።»

«እንቢ ካልክ ከባድ ከባዱን ከፊት ጫን። መንጠቆው ላይ የሚያያዘው አንገቱ መኪናዋ ላይ ይክበድ። ጭራው ከከበደ ይወዛወዝብሃል።»

ሰውየው እንደተነገረው ጫነ። የመኪናዋ ኋላ ዝቅ አለ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ጎረቤቶቹ አዩ።

«መኪናህ ቁጢጥ አለች እኮ። ደከማት እንዴ?»

ይህችን መቻል አቃተው። የውሃውን በርሜልና የጋዙን ሲሊንደር ወደ ተሳቢው ጭራ አዛወረ። የመኪናዋ ኋላ ቀና አለ። «አሁን አማረች» አሉት። እውነትም አማረች።

ጉዞ ጀምረው ጎሃ ጽዮን ሲደርሱ ትርንጎን ወገቧን አመማት።

«አልጋ ገዝተህ ወንበር ላይ ታሰቃየኛለህ?» አለችና እየሳቀች ተሳቢው ውስጥ ገብታ ተኛች።

የአባይ በረሃ ቁልቁለት ተጀመረ። ተሳቢው በቀስታ ወዲያና ወዲህ አለ። ሰውየው ፍሬን ያዘ፤ ባሰበት። ደግሞ ያዘ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጭራው መኪናዋን ሊቀድማት ዞረ፣ መንጠቆው ተገነጠለ፣ ተሳቢው ገደል ገባ።

ሰውየው ከመኪናዋ በእግሩ ወጣ። ትርንጎ ከገደሉ አልወጣችም።

ማን ገደላት? ቁልቁለቱ? ቁልቁለቱማ ትናንትም እዚያው ነበር። ዳቦ ቤት በር ላይ የቆሙት? እነሱ እኮ ቀልደው፣ ዳቧቸውን ገዝተው ገብተዋል።

ሜዳ ላይ መጎተት ማን ያቅተዋል? ማቆም ትችላላችሁ ወይ ነው ጥያቄው። እናንተ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ ከብዷችሁ ዝቅ ስትሉ ሰው እንዳያይ፣ ሸክማችሁን ወደማይታይበት ወደ ኋላ አልገፋችሁም? ገፍታችኋል። እኔም ገፍቻለሁ። ሰውም «አማረባችሁ» ብሎናል። እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ ዞር ብላችሁ እዩ፤ ከኋላ አልጋው ላይ የተኛው ማነው?

ያ ሰው ዛሬ ጎሃ ጽዮን ማደያው አጠገብ ይውላል። ተሳቢ የሚጎትት ሲመጣ አንገቱን ያስፈታና በእጁ ያነሳዋል። ከቀለለው፣ «ዕቃውን ወደ ፊት» ይላል። በቀደም አንድ ሹፌር ተቆጣው።

«አባባ፣ የመኪናዬን ኋላ ሊያወርዱብኝ ነው?»

«ይውረድ።»

«ለምን? እርስዎን ምን አገባዎት?»

«አልነግርህም። በርሜሉን አምጣ።»