ትልቁን ቁጥር የመረጠው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ በጋው በጠናበት ዓመት፣ የዱር አራዊት አንዲት ምንጭ ላይ እየተጋፉ ቢያስቸግሩ እመት አህያ የውኃ ተራ የሚያዝበት ድረ ገጽ ሠራችላቸው። ሁሉም ስሙን አስመዝግቦ ተራው ሲደርስ ይጠጣል። ጠቡ ቀረ፣ ውኃውም ጠራ።

እመት አህያ መውለጃዋ ሲደርስ ግን ድረ ገጹን የሚጠብቅ አስፈለገ። አያ አንበሶ መርጦ መርጦ የይለፍ ቃሉን ለአያ ጅቦ ሰጠው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «እኔ አውቃለሁ!» ያለው እሱ ነበር። እንዲህ ያለ ሹመት ዱር ውስጥ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ።

«አያ ጅቦ» አለች አህያ፣ «ይህ ድረ ገጽ የተጻፈው ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በሰባተኛው ቨርዥን ወይም እትም ነው። ስምንተኛው ወጥቷል፤ የተራ መዝገቡ ኮድ ግን ገና ለእሱ አልተስተካከለም። መቀየር ካማረዎት መጀመሪያ በድረ ገጹ ቅጂ ላይ ይሞክሩት። አደራዎን!»

«እሺ፣ እሺ» አለ ጅቦ። በጆሮው የገባው «ስምንተኛው» የሚለው ብቻ ነበር።

ቀበሮ ከቁጥቋጦ ሥር ሆና ይህን ሁሉ ሰምታለች። ተራዋ ሃምሳኛ ስለነበር፣ ተራ የሚባል ነገር ቢጠፋ ደስታዋ ነው። በማግስቱ ማለዳ ወደ ጅቦ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ስንተኛው ላይ ነዎት?»

«ሰባተኛው ላይ።»

«ውይ! እርስዎን የሚያህል ጌታ በሰባት? ሰባትና ስምንት ሙዳ ሥጋ ቢቀርብልዎ የትኛውን ያነሣሉ?»

«ስምንቱን ነዋ!»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

ይህ ፍጡር መቼም የሚያስበው በሆዱ ነው። ቅጂ የለ፣ ሙከራ የለ፣ በይለፍ ቃሉ ገብቶ ከቨርዥኖቹ ዝርዝር ስምንትን ተጫነ። ድረ ገጹ ባዶ ነጭ ሆነ፤ ስምም ተራም ጠፋ። ጅቦ ነጩን ገጽ ትክ ብሎ አየና «እንዴት ጸዳ!» ብሎ ተደነቀ።

አራዊቱ ተራቸውን ቢያጡ ወደ ምንጩ ጎረፉ። ቀበሮ ቀድማ ጠጥታ ሄደች። ጎሽና ዝሆን እየተጋፉ ውኃውን አጨቀዩት፤ ግልገሎች በጥም አለቀሱ። የዚያን ቀን የመጀመሪያው ተራ የራሱ የጅቦ ነበር። እሱም ጭቃ ልሶ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን እመት አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ መጣች። ሰባተኛውን መልሳ መረጠች፤ መዝገቡም እንደነበረ ተመለሰ።

«ስምንተኛው መጥፎ ነው ማለት ነው?» አለ አያ አንበሶ፣ ባፈረ ድምፅ።

«የለም ጌታዬ፣ ጥሩ ነው። ቅጂው ላይ ኮዱን አስተካክዬ፣ ሞክሬ፣ ያን ጊዜ እንሻገራለን።»

ጅቦ ስሙን ሲፈልግ «ተራዎ አልፏል» የሚል አገኘ። እንደገና ቢመዘገብ መቶ ሃያኛ ሆነ።

«ምን ያስከፋዎታል?» አለችው አህያ። «ትልቅ ቁጥር አይደል?»

ከዚህ የምንማረው፣ ለድረ ገጻችን የፒኤችፒ ቨርዥን ስንመርጥ ከኮዱ ጋር መስማማቱን አስቀድሞ መሞከር እንደሚገባና ቁጥሩ ስለበለጠ ብቻ መስገብገብ የጅብ ሥራ መሆኑን ነው።