ሳይቀደድ የተጣፈው ሱሪ

አንድ ጊዜ አንድ አንበሳ ጥርሱን ታመመ። ሕመሙ እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አልነበረም፤ መንጋጋው አብጦ፣ አጥንት መቆርጠም ቀርቶ ሥጋ ማኘክ አቃተው። ሦስት ቀን ሳይበላ ከቆየ በኋላ አራዊቱን ሰበሰበና «ለስላሳ ነገር ካልቀመስኩ መሞቴ ነው» አለ።

«ቆቅ ይሻልዎታል ጌታዬ፤ ሥጋዋ አፍ ውስጥ ይሟሟል» አለች እመት ቀበሮ። እሷ መቼም መልስ አጥታ አታውቅም።

«እንግዲያው እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ሦስት ቆቅ ይምጣልኝ። ያመጣልኝ የግቢዬ አዳኝ ይሆናል። ካልመጣ ግን…» አንበሳው ዙሪያውን ቃኘ፤ ዐይኑም እትዬ አህያ ላይ አረፈ። «የአህያ ጉበትም ለስላሳ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

እትዬ አህያ የአካባቢው ልብስ ሰፊ ነበረች።  እስከዚያ ቀን ድረስ ጉበቷን ያስታወሰ ማንም አልነበረም፤ እሷ ራሷም ብትሆን ጉበት እንዳላት ትዝ ያላት ያኔ ይመስለኛል።

አያ ጅቦ ግን ሆዱ ጮኸ። የግቢ አዳኝ ከሆነ የአንበሳው የየቀኑ ትርፍራፊ የእሱ ነው። «እኔ አለሁ!» ብሎ ዘሎ ተነሣ። ቀበሮም «እኔም አለሁ» አለች።

ችግሩ ቆቆቹ የሚኖሩበት ዳገት ነው። ከታች እስከ ላይ ቀጋና አጋም የተጠላለፈበት ስለሆነ የወጣበት ሁሉ እግሩ ተቦጫጭሮ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ሁለቱም አዳኞች በቀጥታ ሱሪ ሊያሰፉ ወደ እትዬ አህያ ቤት አመሩ። እንግዲህ አስቡት፤ የዚህች ምስኪን ሕይወት የተንጠለጠለው ራሷ በምትሰፋው ሱሪ ላይ ነው።

አያ ጅቦ መደርደሪያው ላይ ያለውን ቀይ ከፋይ ገና ከበሩ ሲያየው ልቡ ቀለጠ። «ይህን! ጥብቅ አድርገሽ፣ ተተኩሶ፣ ከፊት ቀጥ ያለ መስመር የወጣለት።»

«አያ ጅቦ፣ ይህ እኮ የሠርግ ልብስ ነው። ለእሾህ…»

«አንቺ አህያ፣ አትከራከሪኝ! ነገ የግቢ አዳኝ ተብዬ ስሾም ምን ለብሼ ልቆም ነው?»

ቀበሮ ብልጥ ናትና በከፋይ አልተታለለችም። «ለእኔ የማይቀደድ ይሁንልኝ። የድንኳን ሸራ አለሽ?» አለች። ነበራት፤ አዲስ፣ ወፍራም፣ እንደ ጣውላ የደረቀ።

እትዬ አህያ ሳታርፍ የስፌት መኪናዋን በኮቴዋ ስትረግጥ ዋለች። ጀንበር ከመጥለቋ በፊት ሁለቱ ሊለኩ ተመለሱ። አያ ጅቦ ትንፋሹን ውጦ ከፋዩን ለበሰና መስታወቱ ፊት ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

«እስቲ ቁጭ ብድግ ይበሉበት» አለችው።

«ምን ሲደረግ! ሱሪ የሚለካው ቆሞ ነው።»

«ቆቅ የሚታደነው ግን ተጎንብሶ ነው» አለች። እሱ ግን ከመስታወቱ ዐይኑን አልነቀለም።

ቀበሮም ሸራውን ለብሳ ወዲህ ወዲያ አለች። በተራመደች ቁጥር ሱሪው ኮሽ ኮሽ ይላል። አህያዋ ረጅሙን ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። «እመት ቀበሮ፣ ይህን ድምፅ ቆቅ ከማዶ ሆና ትሰማዋለች። ጉልበትሽስ ይታጠፋል?»

«ሲለመድ ይታጠፋል» አለች ቀበሮ። ጉልበቷ ግን አልታጠፈም።

በዚህ ጊዜ እትዬ አህያ ከመኪናዋ ሥር ማንም ያላዘዛትን ሦስተኛ ሱሪ አወጣች። ጨርቁ ደጋግሞ በመታጠብ የለሰለሰ ካኪ ነው። ዳሌው ላይ ሰፋ ያለ፣ የሣር ጤዛ እንዳያከብደው ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ የተቆረጠ ነው። ከጭኑ ጀምሮ እስከ ታች፣ ከፊት በኩል ብቻ፣ ከአሮጌ የእህል ከረጢት የተቆረጠ ሸራ ተጥፎበታል። ሸራው ብዙ ዓመት ጭነት ስላሸው ጠንካራም ዝምተኛም ነበር።

«ያንን ዳገት እንጨት ተሸክሜ ስንት ዘመን ወጥቼዋለሁ» አለች አህያዋ። «እሾህ የሚወጋው ከፊት ነው። ከኋላ የሚወጋው የሚሸሸውን ብቻ ነው።»

ቀበሮ ሱሪውን ዳሰሰችው። እጇ ወደደው፤ ዐይኗ ግን መጣፊያው ላይ ቀረ። «አዲስ ሱሪ ይጣፋል እንዴ? ያውም ሳይቀደድ? አገር ሲያየኝ ቀበሮ አጣች፣ ደኸየች አይለኝም?»

አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ፤ ከዚህ በላይ እንዳይስቅ ያገደው የሱሪው ጥብቀት ነው። እትዬ አህያ ስለ ጉበቷ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን አፈረችና ዋጥ አደረገችው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም ዳገቱን ተያያዙት። አያ ጅቦ ብዙም ሳይሄድ አጋም ሥር የሚጭሩ ቆቆች አየ። ምራቁ ተዝረበረበ፤ ሊያደባም ጎንበስ አለ። ሱሪው ከቀበቶው ሥር እስከ ጉልበቱ «ትርርር!» ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ቆቆቹ በረሩ። እሱም ደንግጦ ሲሮጥ የቀጋው እሾህ የተጋለጠውን ቦታ በደንብ አገኘው።

በወዲያኛው በኩል ቀበሮን አንድም እሾህ አልነካትም። አንድም ቆቅ ግን አላየችም። «ኮሽ» ስትል ቆቆቹ ከፊቷ ብድግ ብለው ይጠፋሉ፤ የምትሰማው ክንፋቸውን ብቻ ነው። አንዴማ ለማድባት ስትሞክር ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት እንደ ግንድ ተንከባለለች። ሦስት ሰዓት ሲሆን አፏ ባዶ፣ ጭኗ በሸራው ተልጦ፣ እትዬ አህያ ደጅ ደረሰች።

አህያዋ ከጠዋት ጀምሮ ደጃፉ ላይ ቆማ ዳገት ዳገቱን ስታይ ነበር። የቀበሮን ባዶ አፍ ስታይ እዚያው ቁጭ አለች።

«እመት ቀበሮ፣ ትናንት አፍሬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን አላፍርም። መሞት አልፈልግም። እባክሽ ይህን ልበሽልኝ፤ የሚስቅም ይሳቅ።»

ቀበሮ ተንኮለኛ ናት እንጂ ልቧ ድንጋይ አይደለም። ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ «በሸለቆው በኩል ብሄድ ሰው ያየኛል?» አለች።

«ማንም አያይሽም።»

«በይ አምጪው።»

ሸለቆው ውስጥ ግን አንድ ሌላም የሚደበቅ ነበር። አያ ጅቦ አንድ ትልቅ የዋንዛ ቅጠል በኋላው ይዞ፣ እያነከሰ ይወርዳል። ቀበሮን ሲያያት ሕመሙን ረስቶ ሳቀ። «ኧረ ጉድ! እመት ቀበሮ የተጣፈ ሱሪ ለበሰች!»

«አያ ጅቦ፣ የእኔ ሳይቀደድ ተጥፏል። የእርስዎ ተቀዶ አልተጣፈም። የትኛው ያሳፍራል?»

 አያ ጅቦ ጀርባውን እንዳታይበት ፊቱን ወደ እሷ እንዳዞረ የኋሊት እየተራመደ ሄደ። ቀበሮ ይህን ስታይ እፍረቷ ብን ብሎ ጠፋ፤ ከሸለቆው ወጥታ በዋናው መንገድ፣ ሁሉ እያያት፣ ዳገቱን ወጣች።

ስታደባ ጉልበቷ ታጠፈ። በደረቷ ስትሳብ ድምፅ የለም። እሾሁ መጣፊያውን ቧጨር ያደርግና ይተዋታል። ትንሽ እንደ ሄደች ሱሪ መልበሷንም ረሳችው። ዐይኗ ቆቆቹ ላይ፣ ጆሮዋ ቆቆቹ ላይ ሆነ። የመጀመሪያዋን ቀጋው ሥር ያዘቻት። ሁለተኛዋ ግን ብዙ አለፋቻት፤ ሦስተኛዋ እስክትገኝማ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ነበር።

በግቢው እትዬ አህያ አንበሳው ፊት ቆማለች። አያ ጅቦ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ከንፈሩን ይልሳል፤ ቢያንስ የአህያ ሥጋ እንዳያመልጠው ነው። አንበሳው የጥላውን እጥረት አየና በጣም አዘነ። ለአህያዋ ሳይሆን ለጥርሱ ነው ያዘነው።

«ስድስት ሰዓት ሞላ። በይ ቅረቢ።»

እትዬ አህያ አንድ እርምጃ ቀረበች። ሁለተኛውን ልትራመድ እግሯን ስታነሣ ከበሩ በኩል «ጌታዬ! ጌታዬ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀበሮ ሦስት ቆቅ ታቅፋ፣ ላብ በላብ ሆና ገባች።

አንበሳው አንዷን ጎረሰ። የግቢው አራዊት ሁሉ መንጋጋውን አፍጥጠው ያያሉ። በቀስታ አኘከ፤ ቆም አለ፤ እንደገና አኘከና ዋጠ። ዐይኑንም ጨፍኖ «እፎይ!» አለ። ከዚያም «እመት ቀበሮ ከዛሬ ጀምሮ የግቢዬ አዳኝ ነሽ። አህያዋም ወደ ሥራዋ ትሂድ» ብሎ ሁለተኛዋን አነሣ።

እትዬ አህያ እጅ ነሥታ ልታመሰግን ፈለገች። አፏን ስትከፍት ግን ቃል አልወጣትም፤ ከትናንት ጀምሮ የዋጠችው ፍርሃት ሁሉ ረጅም ማናፋት ሆኖ ወጣ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ ወፎቹ ከዛፍ ተነሡ። ጠባቂው ነብር ሊያስወጣት ብድግ ሲል አንበሳው ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ እየሳቀ «ተዋት፣ ታናፋ» አለው።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያስፈልገንን ስንመርጥ ማማከር ያለብን የሚያየንን ዐይን ሳይሆን የምንወጣውን ዳገትና ዳገቱን የሚያውቀውን መሆኑን ነው።