የቆጭቶ ዝምተኛ ደጋን

ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ባለው የጫካ አገር፣ ኮቴውን አጥፍቶ ሊያመልጥ ሲል የተጋለጠ ሰው የሚተረትበት አንድ አባባል አለ። ወጣቶቹ ሲተርቱት ይውላሉ፤ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ግን “እንጃ” ነው መልሳቸው። ነገሩ የመጣው ከአንድ ደጋን ነው። ደጋኑ የቆጭቶ ነበር። ቆጭቶን ለማያውቁት ደግሞ ከቤቱ መጀመር ይሻላል።

ቆጭቶ ጥሪኝ አርቢ ነው። ከጓሮው ባለች ዝቅ ያለች ጎጆ ውስጥ ስድስት ጥሪኞች በዘንግ በተሠራ ማጎሪያ ይቀመጣሉ። እሳት አይጠፋባቸውም፤ ባዕድ ዓይን አያያቸውም። በየዘጠኝ ቀኑ ከጭራቸው ሥር ያለውን ዝባድ በቀንድ ማንኪያ እየፋቀ በበሬ ቀንድ ያጠራቅማል። ዝባድ ሩቅ አገር ሄዶ ሽቶ ቀማሚ እጅ ሲገባ መዓዛ ይሆናል ይባላል። ቆጭቶ ቤት ሳለ ግን ዓይን ያስለቅሳል።

እሱ ራሱ አይሸተውም። ከዚያ ጎጆ ጋር አብሮ ስላደገ አፍንጫው ለዝባድ ደንዝዟል። ጎረቤቶቹ ደግሞ ይሉኝታ የሚያጠቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ሰውን በእንጀራው አይነኩትም። ቆጭቶ ሲመጣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል ያደርጉና “ጉንፋን ይዞኝ ነው” ይላሉ። እሱም የዋህ ነውና ያምናቸዋል። “ይሄን አገር ምን ነካው? ክረምት ከበጋ ጉንፋን!” እያለ ከጓሮው ዝንጅብል እየነቀለ በየቤቱ ያድላል።

ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን ሲኖር ከርሞ፣ እዚያው መንደር የምትኖረውን አየለችን ወደደ። አየለችም ባሏ የሞተባት፣ ማሳዋን ብቻዋን የምታርስ፣ ቀልድ የማያልፋት ሴት ናት። ቆጭቶ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አውራ፣ ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ አገሩን በአደን ያስጠሩት አባ ሻዎ ነበሩ።

አየለች ሽማግሌዎቹን አክብራ ተቀበለችና ቁርጡን ነገረቻቸው።

“ባቄላዬን ድኩላ እየጨረሰብኝ ሠርግ አላስብም። ይሄ ሰው ባል የሚሆነኝ ከሆነ፣ ባቄላው ፍሬ ሳይዝ ድኩላውን ይግደልልኝ። ካልቻለ ግን ሌላ ሽማግሌ እንዳይልክብኝ።”

ቆጭቶ ይህን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። ድኩላ ምን አላት! የአባቱን ደጋን ከጣራው ሥር አወረደ፤ ሦስት ፍላጻ ሳለ፤ ጎህ ሲቀድ ባቄላው ዳር አደባ። ድኩላው መጣ። ወንድ ነው፤ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጎኑ ነጭ የተረጨበት፣ ባቄላውን በራሱ እጅ የዘራው ይመስል ዝግ ብሎ የሚበላ። ቆጭቶ ደጋኑን ገተረና ለቀቀ። የደጋኑ ጅማት እንደ ክራር ጮኸ። ድኩላው ብርክክ ብሎ ተፈናጠረ፤ ፍላጻውም በላዩ አልፎ ኩይሳ ላይ ተተከለ።

አባ ሻዎ ይህን ሲሰሙ ሳቁ።

“ጅማቱ አሳብቆብህ ነው ልጄ። ድኩላ ፍላጻን አይቀድምም፤ ድምፅ ግን ፍላጻን ይቀድማል።”

“ታዲያ ምን ይሻለኛል አባ?”

“የበግ ጸጉር ውሰድ፤ የጅማቱን ጩኸት ይውጥልሃል። ከጣትህ ያልወፈረ ቋጠሮ ጅማቱ ላይ ሁለት ቦታ እሰር። አንዱን ከላይኛው ጫፍ አንድ ስንዝር ዝቅ፣ አንዱን ከታችኛው አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ። ጤዛ ሲነካው እሳት ዳር አድርቀህ አፍታታው። ሲሳሳ በአዲስ ለውጠው። በቃ።”

“በቃ?” አለ ቆጭቶ። ሚስት የሚያህል ነገር በበግ ጸጉር ይገኛል ብሎ ማመን አቃተው።

ቢሆንም አሰረ። ግን ደጋኑን አጥሩ ላይ ሰቅሎ አደረና ጸጉሩ ጤዛውን ሁሉ ጠጣ። በማግስቱ ጅማቱ ከብዶት ፍላጻው አምስት እርምጃ ሲቀረው መሬት ላይ ወደቀ። ድኩላው ፍላጻውን አሽትቶ ትቶት ሄደ። ቆጭቶ ራሱን ሳይሆን በጉን ወቀሰ። “በግ ምን ያውቃል? ዕድሜ ልኩን ዝናብ ተሸክሞ የሚሄድ!” አለና የጉሬዛ ጸጉር ፈለገ። የጉሬዛው ጸጉር አምሮ ነበር፤ ግን ረዘመና ከፍላጻው ላባ ጋር ተጠላለፈ፤ ፍላጻው ዞሮ የቆጭቶን የራሱን ጆሮ ለጥቂት ሳተው።

በዚህ መሀል ባቄላው አበበ። የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ቆጭቶ እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን ማለዳ ጥሪኞቹን ሲቀልብ፣ ማጎሪያው ዘንግ ላይ ተሰክቶ የቀረ ጸጉር አየ። ነካው። እንዴት ያለ ልስላሴ! “ወርቅ በቤቴ ሞልቶ በሰው አገር ስለምን!” አለና ሁለት ቋጠሮ ሠራ። ጤዛ እንዳይጠጣ ደግሞ ዝባዱን ከበሬው ቀንድ ጨልፎ ደህና አድርጎ ቀባው። ውኃ ቢያፈሱበት እየተንከባለለ ይወርዳል። ጅማቱን ገትሮ ቢለቀው ጭጭ አለ። ቆጭቶ በደስታ ብቻውን ጨፈረ።

ሊያሳያትም አየለች ቤት ሄደ።

“ጀርባሽን ስጪኝና ልተኩስ። ከሰማሽ ንገሪኝ።”

አየለች ጀርባዋን ሰጠች። ፍላጻው ሄዶ አንድ ግንድ ላይ ተሰካ።

“ሰማሽ?”

“ኧረ ምንም አልሰማሁም” አለች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳብ አድርጋ።

“ደሞ ጉንፋን ያዘሽ?”

“አዎ፣ አሁን ነው የጀመረኝ።”

“ዝንጅብል ይዤልሽ እመጣለሁ” አላት ቆጭቶ እያዘነላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የጉድ ሳምንት ነበር። ድኩላው ቆጭቶ ካደባበት ወገን ዝር አልል አለ። ከማዶኛው ጥግ ይገባል፤ ይበላል፤ ይሄዳል። ቆጭቶ ወዲያ ሲዛወር ድኩላው ወዲህ ይመጣል። “አሁንም ሰምቶኝ ነው፤ ቋጠሮው አንሶ ነው” ብሎ ሁለቱን አራት አደረጋቸው። አራቱን ስድስት፣ ስድስቱን ዘጠኝ። በጨመረ ቁጥር ዝባድ ይቀባል። በመጨረሻ ደጋኑ ጢም አበቀለ። ያንን ደጋን ይዞ በመንገድ ሲያልፍ ውሾች ከመጮህ ይልቅ ማስነጠስ ያዙ፤ ቆጭቶም “ጉንፋኑ ወደ እንስሳ ተዛመተ” ብሎ ተጨነቀ።

ባቄላው ፍሬ ሊይዝ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው አባ ሻዎን ለመናቸው።

“አባ፣ ነገ አብረውኝ ይውጡና ስህተቴን ይንገሩኝ። ይቺን ሴት ካጣኋት እኔ ሰው አልሆንም።”

አባ ሻዎ አዘኑለትና ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወጡ። ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀመጡ። አባ ሻዎ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናነቡ። ነፋሱ ከኋላቸው ወደ ማሳው ይነፍሳል። ድኩላው ገና ከጫካው አፍ ብቅ እንዳለ፣ ከመቶ እርምጃ በላይ ርቆ ሳለ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀሰረ፤ አንዴ ጮኸና በመጣበት ተመልሶ እብስ አለ።

ቆጭቶ ፍላጻውን ገና አላወጣም ነበር።

“ምን ሰማ? የትኛው ቋጠሮ ነው የጮኸው? ደጋኑን እንኳ አልነካሁትም!”

“ጆሮው አይደለም የነገረው፣ ልጄ” አሉ አባ ሻዎ ጉሮሯቸውን ጠርገው። “አፍንጫው ነው። ዝባዱ ሸቶት ነው።”

“ዝባድ ይሸታል እንዴ?”

አባ ሻዎ ሰባ ዓመት ሲኖሩ ብዙ ጥያቄ መልሰዋል፤ ይህን ግን እንዴት እንደሚመልሱት ጨነቃቸው። በመጨረሻ እውነቱን አፈረጡት።

“እኔ ጉንፋን ይዞኝ አያውቅም፣ ቆጭቶ። ሌላውንም ሰው አልያዘውም።”

“ዝንጅብሌስ?”

“ፍየሎቹ በሉት።”

ቆጭቶ ደጋኑን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ሳበ። ምንም። እንደገና ሳበ። ምንም። “አባ ሻዎ አርጅተዋል” አለ በሆዱ፤ ያሳዘነው ግን ሽታው አልነበረም። ከማሳው ወጥተው ሲሄዱ ባቄላውን ዳሰሰው፤ ትናንት አበባ የነበረው ዛሬ ጥፍር የምታህል ፍሬ ይዟል። ቀኑ አለቀ።

ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በአየለች አጥር ሥር ነው የሚያልፈው። አየለች ጀርባዋን ሰጥታ ጎደሬ ትኮተኩታለች። ቆጭቶ ዓይኗን ማየት አልደፈረም።

“አባ፣ እባክዎ ዝም ብለን እንለፍ” ብሎ በሹክሹክታ ለመናቸው። ጫማውን አወለቀ። አጥሩን እንዳይነካ ደጋኑን ደረቱ ላይ አቀፈ። ደረቅ ቅጠል እየዘለለ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በጣቶቹ ጫፍ ተራመደ። እውነት ለመናገር እንደዚያ ዕለት ጥሩ አዳኝ ሆኖ አያውቅም። አባ ሻዎም ከኋላው ምርኩዛቸውን አንጠልጥለው ተከተሉት።

“ቆጭቶ፣ ሹልክ ብሎ ማለፍ ከመቼ ወዲህ ነው የጀመርከው?” አለች አየለች፤ ቀና እንኳ ሳትል።

ቆጭቶ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ።

“እንዴት አወቅሽ? ቅጠል እንኳ አልረገጥኩም!”

“አልረገጥክም። እኔ ግን ከማሳው ከወጣህ ጀምሮ አውቄሃለሁ።”

ቆጭቶ ደጋኑን አየ። አባ ሻዎን አየ። የዘጠኙ ቋጠሮ ነገር፣ የውሾቹ ማስነጠስ፣ የአገሩ ሁሉ ነጠላ አንድ በአንድ ወደ ልቡ መጣና ፊቱ በሀፍረት ጋለ።

“ድኩላው አምልጦኛል” አለ መሬት መሬቱን እያየ። “ባቄላውም ፍሬ ይዟል። ቃልሽን አክብሬ ሌላ ሽማግሌ አልልክም።”

አየለች መኮትኮቻዋን ጣለችና ዞረች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

“ሽማግሌ ምን ያደርግልኛል? አንተ ያደባህበት ወገን አንዲት ቅጠል አልጎደለችም። ድኩላው አንድ ማለዳ ያልቻለውን ሽታ እኔ ሁለት ክረምት ቁጭ ብዬ የቻልኩት ለምን ይመስልሃል? ይልቅ ጥሪኞችህን ራቅ ወዳለ ጎጆ ውሰዳቸውና፣ ገላህን ታጥበህ ና።”

ነገሩ ሲገባው የቆጭቶ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ቀጥሎ ግን ያ የማይረሳው ነገር ትዝ አለው።

“አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ስመጣ ድምፅ አልሰማሽም አይደል?”

“ምንም።”

“አዩ አባ!” ብሎ ጮኸ ቆጭቶ ደጋኑን ከፍ አድርጎ። “ዝም ማለቱን ግን ዝም ይላል!”

አባ ሻዎ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና፣ “ይላል ልጄ፣ ይላል፤ ጌታው ግን ከጆሮ ተደብቆ፣ ባፍንጫ ተያዘ” አሉ።