ከበሮ የተቆለፈበት ንግሥ

ልጆች፣ አላችሁ? «አለን!» ጆሮስ ይዛችኋል? «ይዘናል!» እንግዲህ ስሙኝ፤ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ አብረው ይኖሩ ነበር። ከበሮ ጨዋታ ይወዳል። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ አንዴ ቀስ፣ አንዴ ፈጠን እያለ አዲስ አመታት ያወጣል፤ ሴቶቹም እልልታውን ያቀልጡታል። መቋሚያ ግን ይህን ሲያይ ይበግናል።

በንግሡ ዋዜማ መቋሚያ ጸናጽልን፣ «ይሄ ከበሮ ቤተ እግዚአብሔርን የሰርግ ቤት አደረገው! ይቆለፍበት» አለው።

«እውነትህን ነው» አለ ጸናጽል። ራሱ ሲንሿሿ የሚውል! አያፍርም!

ቀጥሎ መቋሚያ ወደ በር ሄዶ፣ «ከበሮ ቤተ እግዚአብሔርን የሰርግ ቤት አደረገው! ነገ እንዳትከፈትለት» አለው።

«እኔ ምን አገባኝ፤ ዝጋ ካልከኝ እዘጋለሁ» አለ በር።

ሦስተኛ አይጥን ጠራት። «ከበሮ ቤተ እግዚአብሔርን የሰርግ ቤት አደረገው! ቆዳውን ብይው።»

«ይህንንማ ሳትነግረኝም አደርገው ነበር» አለች አይጥ።

ከበሮ ሁሉንም ሰማ። «ወንድሜ መቋሚያ፣ ምን በደልኩህ? ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ይህችን ቀን ነው። እኔ ሌላ ጸሎት አላውቅም፤ ጸሎቴ መመታት ነው» አለ።

«ጸሎት እንዲህ አይደለም!» አለ መቋሚያ። እግዜር ለብቻው ነግሮት ይሆናላ!

ሲነጋ ሕዝቡ ግቢውን ሞላው። እያንዳንዱ ካህን ከበሮውን ሌላው ያመጣዋል ብሎ መቋሚያውን ብቻ ይዞ ቆመ። የዜማው መሪ መሪጌታ ላእከ ማርያም ወረቡን በዝግታ አነሡ። ከበሮ የሚገባበት ቦታ ደረሰ። ዝም። ደግመው አነሡት። ዝም። ሦስተኛም አነሡት። ዝም። ሴቶቹ እልልታቸውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ቀሩ።

«ከበሮው የት ገባ?» አሉ መሪጌታ።

«አባቴ፣ ዛሬ በጨዋ ደንብ እናመስግን ብዬ አስቆልፌበታለሁ» አለ መቋሚያ ከአንዱ ካህን እጅ ሆኖ።

«አንተ ማነህና ነው? እግዚአብሔር ደስታ ይጠላል ብሎ ማን አስተማረህ? እኔ አርባ ዓመት ዜማ ስማር ይህን አልሰማሁም!» ብለው ሄዱና በሩን በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱት። አይጥ ፈረጠጠች። የከበሮው ሰፊው ፊት ግን ተበልቶ ተቀዷል። መሪጌታ ዕንባቸው መጣ። «ወይኔ፣ ገደሉት!»

«አልሞትኩም አባቴ» አለ ከበሮ በሰለለ ድምፅ። «ጠባቡ ፊቴ ደህና ነው። በእሱ ይምቱኝ፤ ቀኑ እንዳያልፍብኝ!»

አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መቱት። ድምፁ ቀጠነ እንጂ አልጠፋም። እልልታው ቀለጠ፣ ካህናቱ ዘለሉ። መቋሚያስ? በዚያው ካህን እጅ ወደ ላይ ተነሣ፣ ወደ ታች ወረደ፤ ሳይወድ በግዱ አብሮ ዘለለ። እሰይ! ደግ አደረጉት!

እናንተም ልብ በሉ። በእግዜር ፊት መዝለል ድፍረት አይደለም። ድፍረት የሌላውን ምስጋና ቆልፎ «ለእግዜር ክብር ብዬ ነው» ማለት ነው። በሉ፣ ተረቴ አለቀ፤ በንዴት አፌ ደርቋል፣ ውሃ አምጡልኝ።