ነፋስ ጠሪው ዲኒ እና ፍየሉ ሸጊት

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ! ያ ከኋላ የተጋደመው ልጅም ተነስቶ ይቀመጥ። ተጋድሞ የሚሰማ ሰው መሃሉ ላይ ሲደርስ ያንኮራፋብኛል። ጆሯችሁ ክፍት ነው? «ክፍት ነው!» በሉ። እንዲያ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ዳር ባለች አንዲት መንደር፣ ዲኒ የሚባል ሰነፍ ሰው ነበር። ሰነፍ ስላችሁ እንደ እናንተ ያለ ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። ዝንብ አፍንጫው ላይ ስታርፍ እጁን ማንሳት ይታክተውና «እባክሽ ሂጂልኝ» ብሎ የሚለምን ሰነፍ ነበር።

ይህ ዲኒ አንዲት ፍየል ነበረችው። ስሟ ሸጊት ነው። ሸጊት ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች። ቆቡን በልታለች፣ ጫማውን በልታለች፣ የአልጋውን ገመድማ ስንት ጊዜ በልታለች! አፏ አላርፍ ስላለ በመጨረሻ መናገርም ጀመረች። ዲኒ ጠዋት ማታ ይሰድባታል፤ ግን ከእሷ ሌላ ወዳጅ አልነበረውም፣ ከልቡ ይወዳታል።

እንግዲህ በዚያ አገር ሰኔ ሲገባ ጉድ ነው። ደገኛው ዝናብ መጣልኝ ብሎ ሲደሰት የባሕር ዳር ሰው «ወይኔ፣ ወበቁ መጣ!» ይላል። ጠዋት ባሕሩ ዝም፣ ሸራው ዝም፣ ውሻው እንኳ ዝም። ሰው ተቀምጦ በላብ ይታጠባል። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ የገመድ አልጋውን ተሸክሞ ይወጣና ባሕሩ ዳር ይደረድራል፤ ወሩን እዚያው ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣልና ከፊት የተኛ ሰው ጌታ ነው።

ዲኒ ግን አልጋ መሸከም ስለማይወድ ሁልጊዜ መጨረሻ ይደርሳል። የሚተርፈው ቦታ ከኋላ፣ ዓሣ ከሚሰጣበት አጠገብ ነው። ነፋሱ እሱ ዘንድ ሲደርስ ከነሽታው ነው።

«አፍንጫዬ ሊወድቅ ነው» አለ አንድ ቀን።

«ከሰው ቀድመህ ና» አለችው ሸጊት፣ የአልጋውን ገመድ እያኘከች።

«ሌላ ዘዴ የለም?»

ዘዴ አገኘ። መንደሩ ያን ሰዓት ሁሉ ተኝቶ ስለሚውል የነፋሱን አመጣጥ ያየ ሰው የለም። ዲኒ ግን በዓሣው ሽታ እንቅልፍ አጥቶ ያይ ነበር። መጀመሪያ ባሕሩ ከሩቅ ጠቆር ይላል፤ ከዚያ ነፋሱ ከተፍ ይላል። አሁንም ባሕሩ ጠቆር ሲል አየና ውኃው ዳር ሄዶ እጁን ዘረጋ።

«ና! ና! ና!» ብሎ ጮኸ።

ሰዉ ደንግጦ ነቃ፤ ነፋሱም መጣ። «ይሄን ሰውዬ ፀሐይ መታው» ብለው ሳቁበት።

በማግስቱም «ና! ና! ና!» አለ፤ ነፋሱም መጣ። «ምን ይታወቃል!» ተባባሉ።

በሦስተኛው ቀን «ና! ና! ና!» ሲል ነፋሱ ሸራውን ሁሉ አንቀጠቀጠው። ያን ጊዜ ዲኒን ከነአልጋው ብድግ አድርገው ከፊት አስቀመጡት። የሰኔ ወበቅ የሰው ጭንቅላት ያቀልጣል፤ ምን ታደርጉታላችሁ!

ከዚያ ወዲያ አያ ዲኒ ተብሎ ተከበረ። አንዱ የተጠበሰ ዓሣ ያመጣል፣ አንዷ ቴምር ታመጣለች፣ አንዱ ወተት ያመጣል።

«ካልበላሁ ጉሮሮዬ አይከፈትም» ይላቸዋል፣ እያላመጠ።

«እሱ እኮ ሳትጠራውም ይመጣል» አለችው ሸጊት በጆሮው።

«ዝም በይ! ቴምር ብዪ።»

በላች። ፍየል ናታ!

አንድ ቀን የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ያዮ መጡ። ሼህ ያዮ ትልቅ ጥምጥም ያላቸው፣ ቀልድ የማይወዱ ሰው ናቸው።

«ስማ ዲኒ» አሉት። «ልጄ አሲያ በሰኔ ማለቂያ ታገባለች። ሙሽራው ከማዶ ደሴት በጀልባ ነው የሚመጣው። ነፋስህ ያምጣው።»

«ምን ችግር አለው! እስከ ደጃፍዎ ያመጣዋል፣ ወላሂ!»

«ካመጣው የፊቱ ቦታ ዕድሜ ልክህን ያንተ ነው። ካላመጣው ግን ለሰርጉ ሥጋ እንፈልጋለን» አሉና ሸጊትን ከቀንዷ እስከ ጭራዋ አዩዋት። ሸጊት ማኘኳን አቆመች። ከተወለደች ጀምሮ ማኘኳን ስታቆም ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች ሼሁ ሲሄዱ።

«አይዞሽ፣ በየቀኑ ይመጣ የለ?» አላት ዲኒ። ግን ያን ቀን ዓሣ ቀርቦለት አልበላም።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። አሲያ ሂናዋን ተቀብታ፣ ሩዙ ተጥዶ፣ ሰዉ ባሕሩ ዳር ተሰልፎ ቆመ። የሙሽራው ጀልባ ከሩቅ ብቅ አለች። ዲኒ ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

«ና! ና! ና!»

ነፋሱ መጣ። ግን ከባሕሩ አልመጣም፤ ከኋላ፣ ከበረሃው መጣ! ትኩስ፣ ቀይ፣ አቧራ የተሸከመ ነፋስ! ሩዙ አሸዋ ለበሰ። የሼህ ያዮ ጥምጥም ተፈትቶ በረረና አንዲት ግመል ጭንቅላት ላይ ተጠመጠመ፤ ግመሏ ሼህ መሰለች። ጀልባዋማ ፊቷን ወደ መጣችበት አዞረች።

«ና! ና!» አለ ዲኒ። አፉ አሸዋ ሞላ።

«ኧረ አትጥራው!» ጮኸ መንደሩ። «ይበቃል በለው! ያንተ ነፋስ አይደለም እንዴ?»

ዲኒ ተጨነቀ። የእኔ ነው ቢል ሰርጉን ያበላሸው እሱ ነው። የእኔ አይደለም ቢል ያን ሁሉ ዓሣ የበላው በምንድን ነው? ዞር ሲል አንዱ ሸጊትን በገመድ ይዟታል፣ ሌላው ቢላ ይስላል። ሸጊት ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ውሸቴን ነው!» አለ እያለቀሰ። «ነፋሱ የማንም አይደለም! ሳልጠራው ነው የሚመጣው! ቅጡኝ፣ እሷን ግን ተዉልኝ!»

«ሙሽራውስ?» አሉ ሼህ ያዮ፣ ጭንቅላታቸውን በእጃቸው ሸፍነው።

ዲኒ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ሮጠ። የሸጊትን ገመድ ነጠቀና ከነፍየሉ ባሕር ገባ። ውኃው እስከ ሩቅ ድረስ ከደረት አያልፍም ነበርና እየተራመደ ጀልባዋ ዘንድ ደረሰ። ገመዱን ከሸጊት አንገት ፈትቶ ከጀልባዋ ጋር አስሮ በትከሻው ጎተተ። ትኩሱ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ እሱ ወደ ፊት ይጎትታል። ከፊቱ ደግሞ ሸጊት እየዋኘች የገመዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ትጎትታለች።

«እንዳትበዪው!» ይላታል።

«እምም!» ትላለች።

አልበላችውም! ይቺ ቆብ የበላች፣ ጫማ የበላች፣ አልጋ የበላች ፍየል፣ ያን ገመድ አልበላችውም።

ጀልባዋ አሸዋውን ስትነካ እልልታው ቀለጠ። ሙሽራው አቧራ ለብሶ ቀይ ሸክላ ስለመሰለ አሲያ ያወቀችው ሲስቅ በጥርሱ ነው። ልክ ያን ጊዜ ትኩሱ ነፋስ ቆመ። ባሕሩ ከሩቅ ጠቆር አለ፤ ቀዝቃዛው ነፋስ ከተፍ አለ። መንደሩ በሙሉ ዞሮ ዲኒን አየው።

ዲኒ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። «ኧረ እኔ አልጠራሁትም!»

ሼህ ያዮ ሳቁ። ከዚያ በፊት ሲስቁ ያየ ሰው አልነበረም። ሸጊትን ማሩለት፣ ፍርድ ግን አልቀረለትም። ከዚያ ወዲያ ሰኔ በገባ ቁጥር የመንደሩን አልጋ ሁሉ ተሸክሞ የሚያወጣው ዲኒ ሆነ። የራሱን መጨረሻ ያመጣና ከዓሣው ጎን ይተኛል። ሸጊት ግን ከፊት ተኛች፤ ለእሷ አልጋ ተሰጣት። በልታዋለች።

ስለዚህ ልጆች፣ ያላመጣችሁትን ደግ ነገር «እኔ ነኝ ያመጣሁት» አትበሉ። ክፉውም ሲመጣ «ያንተ ነው» ብለው ይሰጧችኋል።

እኔ ጨረስኩ። አፌ አሸዋ አሸዋ ብሎኛል፤ አንዳችሁ ተነሱና ውኃ አምጡልኝ። ያንን የተጋደመውን ልጅ ቀስቅሱት!